ቀለሙን የማይለቅ

ባክቴሪያ ማቅለም ሲባል ብዙ ሰው ቀለም መቀባት ይመስለዋል። አሶሳ ለልምምድ የሚመጡ የላብራቶሪ ተማሪዎችም መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ቀለም ማፍሰስ ግን ማንም ይችላል፤ ካርቦል ፉክሲን አክታውንም፣ ጣትንም፣ ጋዋንንም እኩል ቀይ ያደርጋል። ሙያው ያለው ማጠቡ ላይ ነው። አሲድ አልኮሉ ሲፈስበት ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ እኛ የምንፈልገው እምቢ ብሎ የቀረውን ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ እምቢ የሚለው ግድግዳው ማይኮሊክ አሲድ በሚባል ቅባት ስለተሞላ ነው። ቅባቱ ቀለምን በቀላሉ አያስገባም፤ ፌኖልና ሙቀት ተባብረው ካስገቡት በኋላ ደግሞ በቀላሉ አያስወጣም። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። በዚያው ዓመት ፖል ኤርሊክ ባክቴሪያው አሲድ ሲፈስበትም ቀለሙን እንደማይለቅ አሳየ፤ ፍራንዝ ዚል ፌኖሉን አመጣ፤ በዓመቱ ፍሬድሪክ ኒልሰን ፌኖሉን ከፉክሲን ጋር አዋሐደው። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን የምንሠራበት ዘዴ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከቀለሙ በፊት ነው። ምራቅ ያመጣ ታካሚ ስላይዱ የቱንም ያህል ቢቀለም ባዶ ነው። እዚህ አገር ሩጣንኛ ብቻ የሚናገሩ አባት፣ ከሱዳን የመጡና ዐረብኛ የሚናገሩ እናት፣ ጉሙዝኛ የሚናገር ወጣት በአንድ ጠዋት ይመጣሉ። «ከደረት እንጂ ከአፍ አይደለም» የሚለውን ቃል ከማስተርጎም ይልቅ ደጅ ወጥቶ፣ በጥልቀት ተንፍሶ፣ ስሎ ማሳየት ይሻላል። ከዚያ ወፍራሙን፣ መግል ያለበትን ክፍል መርጦ ማንሳት ይመጣል። ለዚህ ከሽቦ ቀለበት ይልቅ ጫፉ የተሰበረ እንጨት ወይም ቀርከሃ ይመረጣል፤ ሻካራው ጫፍ አክታውን ይይዛል፣ ከተጠቀሙበት በኋላም ይቃጠላል። ሽመል በሞላበት ክልል ይህን ዕቃ ከሩቅ መጠበቅ አያስፈልግም። የተቀባው ሲደርቅ ስላይዱን ከጋዜጣ ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝና ፊደሉን ለማንበብ መሞከር ነው። ጭራሽ ካልተነበበ ወፍሯል፣ ምንም ሳይጋረድ ከተነበበ ሳስቷል። አዲስ ዘመን ለዚህ ጥሩ ነው።

ካርቦል ፉክሲኑ ፈስሶበት ስላይዱ ሲሞቅ እንፋሎት መታየት አለበት፤ መፍላት ግን የለበትም። በበጋው ከሰዓት፣ ክፍሉ ራሱ ሲግል፣ ቀለሙ ስላይዱ ላይ ቶሎ ይደርቅና ቀይ ክሪስታል ይተዋል። ጀማሪ ያንን ክሪስታል ባሲለስ፣ ማለትም ዘንግ መሰሉ ባክቴሪያ፣ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ በሚቆይበት 5 ደቂቃ ውስጥ ከመደርደሪያው ፊት አለመነሳት ነው፤ ስልክ ቢጠራም፣ ኃላፊ ቢጠራም። ከዚያ 3 ደቂቃ አሲድ አልኮል፣ ውኃ፣ 1 ደቂቃ ሜቲሊን ብሉ። ሰማያዊው መደብ የሚፈለገው ቀዩ ዘንግ ጎልቶ እንዲታይ ነው።

ውኃው ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በቧንቧና በታንከር ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰው የማያሳምሙ የነቀርሳ ዘመዶች አሉ፤ እነሱም አሲድ ይቋቋማሉ። ብዙዎች «አፍልተነዋል» ይላሉ። ማፍላት ይገድላቸዋል እንጂ ከውኃው አያወጣቸውም፤ የሞተውም ቀይ ሆኖ ይታያል። የሚያድነው የተጣራ ወይም የተነጠረ ውኃ ነው። በተጨማሪም በእያንዳንዱ አዲስ የቀለም ብጥብጥ አንድ የታወቀ ፖዘቲቭና አንድ የታወቀ ኔጋቲቭ ስላይድ አብሮ ማቅለም ይገባል። ኔጋቲቩ ላይ ቀይ ዘንግ ከታየ በሽተኛው ውኃው ነው።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ያመጣል። የተነበቡ ስላይዶች የሚቀመጡት ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ደግሞ እንዲያያቸው ነው። በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ የቆየ ፉክሲን ግን ይደበዝዛል፤ በተለይ የማይክሮስኮፑ ዘይት ሳይጠረግ በክፍት ሳጥን ከቀረ። በ100 የዕይታ መስክ ውስጥ ከ1 እስከ 9 ባሲለስ ብቻ የነበረበት ስላይድ ከወራት በኋላ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዳግም ሳይቀለም የመጀመሪያውን አንባቢ ተሳስተሃል ማለት ግፍ ይመስለኛል።

ማቅለም ምን ያህል ማስረጃ እንደሆነ ከሥጋ ደዌ ታሪክ ይታያል። ኖርዌጂያዊው አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ዘንጎቹን ያያቸው ቀለም ሳይኖር ነው፤ አጥጋቢ አድርጎ ያቀለማቸው በ1879 ከሐንሰን ናሙና የወሰደው አልበርት ናይሰር ነበር። ግኝቱ የማን ነው በሚለው ተጣሉ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም የሐንሰንን ስም ይዟል፤ እኔ በበኩሌ ለናይሰርም አንድ ክፍል ቢሰየምለት አልቃወምም።

በዚህ ክልል ማይክሮስኮፕ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ለወባ ነው። የወባው ማቅለሚያ ጊምሳ ግን ቀለም በማስለቀቅ የሚሠራ ስላልሆነ እንለፈው። ማስለቀቅ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው በግራም ዘዴ ነው። ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነስቶ እስከ እኛ በሚደርሰው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ በደረቁ ወራት የደፈረሰ የጀርባ ፈሳሽ ይዞ የሚመጣ ነርስ ውጤቱን ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ክሪስታል ቫዮሌትና አዮዲን ተራቸውን ከጨረሱ በኋላ አልኮሉ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። የሚንጠባጠበው ሐምራዊ መሆኑን ሲያቆም ወዲያው ውኃ። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ሐምራዊውን ይይዛል፤ ስሱ ግድግዳና የውጭ ቅባት ያለው ለቆ ከሳፍራኒኑ ሮዝ ቀለም ይወስዳል። ሜኒንጎኮከስ ጎን ለጎን እንደተጋጠሙ ሁለት የቡና ፍሬዎች ሮዝ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም በነጭ የደም ሴል ውስጥ ይታያል። ኒሞኮከስ ሐምራዊ ጥንድ ነው። አልኮሉ ትንሽ ከቆየ ግን ኒሞኮከሱም ሮዝ ይሆንና ወረርሽኝ የሚያስነሳውን ይመስላል። ስለዚህ ከናሙናው ጎን አንድ የታወቀ ስታፊሎኮከስና አንድ ኢ.ኮላይ እቀባለሁ፤ እነሱ እንደ ልማዳቸው ካልወጡ የናሙናውን ቀለም አላምንም። ግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1884 ዘዴውን ሲያሳትም የታይፎይድ ባክቴሪያ ቀለሙን መልቀቁን እንደ ጉድለት ቆጥሮት ነበር። ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠቀመው ያንኑ ጉድለት ነው።

አሁን ጂን ኤክስፐርት የሚባል ማሽን መጥቷል፤ ለቲቢ የመጀመሪያው ምርመራ እሱ ሆኗል፣ መሆንም ነበረበት። በአክታ ስላይድ ባሲለስ ለማየት በ1 ሚሊ ሊትር ቢያንስ ከ5,000 እስከ 10,000 ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ከዚያ በጣም ያነሰውን ያገኛል፣ ሪፋምፒሲን መላመዱንም አብሮ ይናገራል። ሕክምና የጀመረን ሰው መከታተል ላይ ግን ያው ብርታቱ ይጎዳዋል፤ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ሳይጠፋ ስለሚቆይ ፖዘቲቭ እያለ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር ወደ ፉክሲኑ እንመለሳለን። በሕክምናው መጀመሪያ በየመስኩ ከ10 በላይ የነበረው ዘንግ በ2ኛው ወር 100 መስክ ተፈልጎ አንድም ሲጠፋ ታካሚውም ሐኪሙም ይረዱታል። ስላይዱም ቢሆን ሕያውን ከሙት አይለይም። 2ኛው ወር ላይ ቀይ ዘንግ ከቀረ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ከመጻፍ በፊት ናሙናው ለመድኃኒት መላመድ ምርመራ ይላካል።