የአጠና ተራው ሽማግሌና ምዕራፍ ሁለት

የመመረቂያ ጽሑፍ ሂስ ይገባዋል ወይ? ብዙዎቻችን «ኧረ የወረቀት ግዴታ ነው፤ ተጠርዞ ይግባና እንገላገል» እንላለን። እኔ ግን እንደ ማንኛውም ድርሰት ሂስ ይገባዋል ባይ ነኝ። ለምን ቢባል፣ አብዛኞቻችን በዕድሜያችን የምንጽፈው ረጅሙ ጽሑፍ ይኸው ነው።

ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነኝ ሰሞኑን በሴሚናር የቀረበ፣ ስለ ኮልፌ ቀራንዮ አጠና ነጋዴዎች የሚያወሳ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ አጠና ተራን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጽሑፉን ስንገልጠው ግን ግማሹ ምዕራፍ ሁለት ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ተሰልፈው «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች» ይባልልናል። አጠናው የት አለ? ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። ስማቸው «መረጃ ሰጪ ቁጥር 4» ነው። ባሕር ዛፉ ለቋሚ፣ ለማገርና ለወራጅ እንዴት እንደሚለይ፣ የጭቃ ቤት በብሎኬት ሲተካ ገበያው ምን እንደ ሆነ በሦስት መስመር ተናግረው ይጠፋሉ። እንዴ! አባባ፣ ይቀጥሉ እንጂ! አልቀጠሉም። ምዕራፍ አምስት መጣና «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ» ተብሎ ተዘጋ።

ከተሰብሳቢው የተነሣው ጥያቄም ስለ ናሙና አመራረጥና ስለ ኅዳግ ስፋት ብቻ ነበር። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩና ይህ ሂስ ግለ ሂስም ነው።

እርግጥ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፤ አማካሪ መምህሩም የሚይዘው ተማሪ ብዙ ነው። ዋናው ችግር ግን ይኼ አይመስለኝም። በዓይናችን ያየነውን እንደ ዕውቀት አለመቁጠራችን ነው። ታላላቆቻችን እንዲህ አልነበሩም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። ስለ ሕዝቡ ባህልና ልማድ ያጠኑትን በቡለቲን ያወጡ ነበር፤ እስከ 1961 ድረስ 11 ቁጥር ወጥቷል፣ በ2002 ደግሞ እንደገና ታትሟል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም በ1991 ለታተመው የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው የታሪክ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች በምንጭነት ተጠቅመዋል። እነዚያ ጽሑፎች የጠቀሙት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስለ ያዙ ነው።

ኮልፌስ ምን ጐደላት? ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፖሊስ ሠራዊት ካምፕ ነው። አለርት በ1965 ተቋቁሟል፤ በሥጋ ደዌ ታመው ለሕክምና መጥተው በዚያው ጎጆ የቀለሱ ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ሊቃውንቱ ከነመጽሐፋቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቆዩናል፤ እነዚህ ግን አይቆዩንም።

«የመረጃ ሰጪን ስም መደበቅ የጥናት ሥነ ምግባር ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ስሜ ይደበቅ ያለውን፣ በተለይም በሕመሙ ምክንያት ሰው ያገለለውን፣ መደበቅ ግዴታችን ነው። ነገር ግን ከሴሚናሩ በኋላ ጸሐፊውን ጠይቄው ነበር። ሽማግሌው «ስሜን ከነአባቴ አስተካክለህ ጻፈው» ብለውት ነበር አለኝ። እሱም «ደንቡ እንዲህ መስሎኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዚህም ሌላ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ የተናገሩት በትክክል መጻፉን እንኳ ማወቅ አይችሉም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ምዕራፍ ሁለት ይጠር፤ ሽማግሌው በሙሉ ስማቸው ይግቡ፤ የሰጡት ቃል በአማርኛ ተጽፎ ይነበብላቸውና ያርሙት። ጽሑፉ እስኪጠረዝ ገና ሁለት ሳምንት አለ። ወንድማችን አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ አጠና ተራ ይመለስ። ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ካስፈለገው እኔ አብሬው እሄዳለሁ።