ድምቀት፣ ደፍና ዑደት፦ በማሳያ ሰሌዳ ሙያዊ ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በድምፁ ማማር ወይም በምንጩ ጥንታዊነት ሳይሆን፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ የሙያውን እውነት ሳያዛባ ለማስተላለፍ ባለው ብቃት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለአስተያየት የደረሰንን አንድ የትርጉም ረቂቅ ሲሆን፣ ረቂቁ የሚያተኩረው የማሳያ ሰሌዳዎችን ድምቀት ለማጽናት በሚነደፉ የፒክስል ሰርኪዩቶች ላይ ነው። የአዘጋጆቹ ድካም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በመረጧቸው አቻ ቃላት መካከል ፅንሰ ሐሳብን ከፅንሰ ሐሳብ የሚያደባልቁ በመኖራቸው፣ ሳይታረሙ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ቢገቡ ጉዳታቸው ቀላል አይሆንም እንላለን።

ከቃሉ በፊት ነገሩን መረዳት ይቀድማል። ታንግና ቫን ስላይክ የተባሉ የኢስትማን ኮዳክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ይፋ አደረጉ። በዚህ ዳዮድ በሚሠራ ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ንዑስ ፒክስል የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ የብርሃኑም መጠን በዳዮዱ ከሚያልፈው ኮረንቲ ጋር ይመጣጠናል። በቀላሉ ሰርኪዩት ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮችና አንድ ካፓሲተር ይገኛሉ። አንደኛው ትራንዚስተር የሥዕሉን ቮልቴጅ ያስገባል፤ ካፓሲተሩ ያቆየዋል፤ ሁለተኛው ትራንዚስተር በተያዘው ቮልቴጅ ልክ ለዳዮዱ ኮረንቲ ይለቃል። ችግሩ ይህ ሁለተኛው ትራንዚስተር ኮረንቲ ማሳለፍ የሚጀምርበት የቮልቴጅ ወሰን ከፒክስል ፒክስል መለያየቱ፣ በአገልግሎት ብዛትም መለዋወጡ ነው። በበሩ ላይ ካለው ቮልቴጅ ይህ ወሰን ተቀንሶ የሚቀረው በራሱ ሲባዛ የኮረንቲውን መጠን ይወስናል። ስለዚህ ቀሪው 1 ቮልት ሆኖ ሳለ ወሰኑ በ0.1 ቮልት ከፍ ቢል ቀሪው 0.9 ይሆናል፤ ኮረንቲውም ወደ 0.81 ይወርዳል፤ ይኸውም የ19 በመቶ ቅናሽ ነው።

ረቂቁ ይህን ወሰን አንድ ጊዜ «ዝቅተኛ ቮልቴጅ»፣ ሌላ ጊዜ «መነሻ ቮልቴጅ» ይለዋል። የመጀመሪያው አነስተኛ የሆነን ማንኛውንም ቮልቴጅ የሚያመለክት በመሆኑ ስያሜ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ደግሞ የሌላ ነገር ስም ነው። አዲስ ሥዕል ከመጻፉ በፊት የትራንዚስተሩ በር ወደ አንድ የታወቀ ቮልቴጅ የሚመለስባቸው ሰርኪዩቶች አሉና፣ በእውነት መነሻ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ለወሰኑ የሚስማማው «የደፍ ቮልቴጅ» ነው። ደፍ በር ያለው ቤት ሁሉ ያለው፣ ሳይሻገሩት የማይገባበት ነገር ነው። የትራንዚስተሩን መቆጣጠሪያ ጫፍ «በር» ብሎ የሰየመ ረቂቅ ደፉን ከሌላ ቤት መፈለግ አልነበረበትም።

ከዚህ የከፋው «ዑደት» የሚለው ቃል ነው። ረቂቁ ሰርኪዩቱንም፣ ሥዕሉ በየጊዜው የሚታደስበትን ዙርም በዚህ በአንድ ቃል ይጠራል። በዚህ ርእሰ ጉዳይ ሁለቱ የሚገናኙ እንጂ የሚራራቁ አይደሉም። 3840 በ2160 ፒክስል ያለው ሰሌዳ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ሆኖ ረድፎቹ አንድ በአንድ ቢጻፉ፣ ለአንድ ረድፍ የሚደርሰው ጊዜ ከ8 ማይክሮ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ ሲታደስ ደግሞ ከ4 ያንሳል። የሰርኪዩቱ ነዳፊ ደፉን አንብቦ ለመያዝ የሚያገኘው ጊዜ ከዚህ የሚቆረስ ነው። እንግዲህ «ዑደቱን ማሳጠር» ሲባል አንባቢው ምን ይረዳ? ጊዜውን መቀነስ ነው? ትራንዚስተሮቹን ማሳነስ ነው? ወይስ ባለሙያዎች «ሾርት» የሚሉት ብልሽት? «ዑደት» ለጊዜው ዙር ይቅር፤ ሠራተኛውም ተማሪውም የሚያውቀው «ሰርኪዩት» ለመሣሪያው ይሁን ብለን እናሳስባለን።

«ካሳ» የሚለውም አቻ አያስኬድም። ዶሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ባለ አራት ትራንዚስተር ፒክስል፣ ከእሱም ወዲህ የተነደፉ ብዙ መሰሎቹ የሚሠሩት ብርሃኑ ከመውጣቱ በፊት የትራንዚስተሩን ደፍ በካፓሲተር ላይ አስቀድሞ በመያዝ ነው፤ ኋላ ደፉ ሲቀነስ የተያዘው ያጣፋዋል። ካሳ ግን ጉዳት ከደረሰ በኋላ ለተጎዳው የሚከፈል ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት መሙላቱን በቅርጹ የሚያሳየው «ማካካሻ» ይሻላል። ብያኔውም መታረም አለበት። ረቂቁ ይህን ሰርኪዩት «ድምቀት ፈጽሞ እንዳይቀንስ የሚያደርግ» ይለዋል። ሰርኪዩቱ የሚያካክሰው የትራንዚስተሩን ደፍ ነው፤ ዳዮዱ ራሱ አርጅቶ ብርሃን የማመንጨት ብቃቱ ሲደክም፣ ያው ኮረንቲ ያነሰ ብርሃን ይሰጣል። የረቂቁን ብያኔ አምኖ የደበዘዘ ሰሌዳ የሚመረምር ጠጋኝ ጉድለቱን በሌለበት ይፈልጋል።

በመጨረሻም «ድምቀት»ና «ጥራት» ይቀራሉ። ዓይን የሚያየው ድምቀትና በካንዴላ በካሬ ሜትር የሚለካው መጠን አንድ አይደሉም፤ ያው ሰሌዳ በጨለማ ክፍል ደምቆ፣ በፀሐይ ፈዝዞ ይታያል። ስለዚህ ለሚለካው «የገጽ ብርሃን» የሚል የተለየ ስያሜ ያስፈልገዋል። «ከፍተኛ ጥራት» ደግሞ ለገበያ ማስታወቂያ ይበቃ ይሆናል፤ ለነዳፊው ግን የሚያስፈልገው የፒክስል ብዛትና እፍጋት ነው። በአንድ ኢንች 500 ፒክስል ሲደረደር ለአንዱ ፒክስል የሚደርሰው ስፋት ወደ 51 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስቱ ንዑስ ፒክስሎች ከነማካካሻቸው የሚገቡት በዚህች ቦታ ነው። እፍጋት ሲጨምር ድምቀትን ማጽናት እንደሚከብድ ለመግለጽ፣ ረቂቁ «ጥራት ሲጨምር ድምቀት ይታወካል» ለማለት ተገዷል። አንባቢ ይህን እንደ ቅራኔ ቢያየው አይፈረድበትም።

«ፒክስል»፣ «ትራንዚስተር»ና «ካፓሲተር» እንዳሉ መወሰዳቸውን እንደግፋለን። የተውሶ ቃል ቋንቋን አያደኸይም፤ የሚያደኸየው አንዱን የራስ ቃል ሦስት ሸክም ማሸከም ነው። ስለሆነም ተርጓሚዎች አቻ ከማጽደቃቸው በፊት ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብተው እንዲፈትኑት እንጠይቃለን። በዝርዝር ላይ ያማረ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲደናበር ከተገኘ፣ መመለስ ያለበት ከመታተሙ በፊት ነው።