ካት ከማድረግ በፊት

ኤዲቲንግ የተማርኩት በሠርግ ነው። ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ወልዲያና መርሳ ላይ በዚህ ሙያ የሚተዳደር ሰው እንጀራው ሠርግ ነው፤ ቀጥሎ ምርቃት፣ ቀጥሎ ክሊፕ። ደንበኛው ሙዚቃው በመታ ቁጥር ምስሉ እንዲቀያየርለት ይፈልጋል። ማታ ማታ ለራሴ የማያቸው ግን ዝግ ብለው የሚሄዱ፣ ተመልካቹን የሚያሳስቡ የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞችን ነው። ሾት እስከ የት መቆየት እንዳለበት ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ሲሪንቃ ላይ የተቀረጸ አንድ ሠርግ ልጥቀስ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ አባት እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው ይመርቃሉ። ካሜራው ፊታቸው እንደተደቀነ ያውቃሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚናገሩት። ምርቃቱ ያልቃል፣ «አሜን» ይባላል፣ ከበሮው ይቀጥላል፤ እጃቸው ግን ከአናቷ አልተነሳም። ያን ጊዜ ፊታቸው ይለወጣል። ካሜራውንም ሰዉንም ረስተዋል። በተለመደው አሠራር «አሜን» ሲባል ካት ይደረጋል። የዚያ ሠርግ ዋናው ነገር ግን ከ«አሜን» በኋላ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው።

በሳይንስ ልቦለድ ሾትን የማቆየት ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። እንግዳ ነገር ስናይ መጀመሪያ «ምንድን ነው?» እንላለን። ሾቱ ቶሎ ካለፈ መልሱን ይዘን እንሄዳለን። ከቆየ ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ ማን እዚህ አመጣው? ለምን? እኔ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር? ማሰብ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛም እንዲህ ያለ ፊልም አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምስ» 68 ደቂቃ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ታሪኩ የሚፈጸመው ሥልጣኔ ከፈራረሰ በኋላ ነው። ሰማይ ላይ ለዓመታት ተንጠልጥሎ የኖረ መንኮራኩር የመንቀሳቀስ ምልክት ማሳየት ይጀምራል። መጪው ዘመን ግን የተገኘው ዳሎል ላይ ነው። በድኝና በጨው ቢጫ በሆነ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲጓዝ እናያለን። ሾቱ ባይቆይ ኖሮ ዳሎል የቱሪስት ፖስትካርድ ሆኖ ይቀር ነበር። በመቆየቱ የአገራችን መሬት መሆኑን እያወቅን እንኳ እንግዳ ይሆንብናል። በዚያ ዘመን የማይክል ጃክሰን ሸክላና የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ከበረ ቅርስ ይገመታሉ። መጀመሪያ ያስቃል። ግምቱ በሙሉ ቁም ነገር ሲቀጥል ግን የእኛ ዘመን ለኋለኛው ሰው ምን ትቶ እንደሚያልፍ ማሰላሰል እንጀምራለን።

ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች ያህል አንድም ንግግር የለም። የሰው ልጅ ጥንተ ዘር የሆነ ፍጡር አጥንት ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ በአንድ ካት ህዋ ላይ የሚንሳፈፍ መንኮራኩር እናያለን። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት በዚያች ካት ታለፉ። ኤዲተሮች ይህችን ካት ስናነሳ አንጠግብም፤ ጉልበቷ ግን የመጣው ቀደም ሲል ካየነው ረሃብ፣ ፍርሃትና ረጅም ጥበቃ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ባይሰጥ ኖሮ ካቷ ብልሃት ብቻ ትሆን ነበር።

ደግሞስ ሳይንስ ራሱ መቼ ይቸኩላል? የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሚሠራባቸው ሰብሎች አንዱ ማሽላ ነው። አቀንጭራ የተባለው አረም የማይበግረው፣ ዝናብ ቢያጥር የሚደርስ ዝርያ ለማግኘት ይዳቀላል፣ ይዘራል፣ ይመረጣል፤ በቀጣዩ ክረምት እንደገና ይዘራል። ዓመታት ይፈጃል። በማዳቀል ሥራ ላይ የሌላ ማሽላ ብናኝ እንዳይገባበት የማሽላው ራስ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል። ከረጢት ያጠለቀ ማሽላ በረድፍ ቆሞ፣ ነፋስ ወረቀቱን ሲያንኳኳው የሚያሳይ አንድ ሾት አስቡ። ተመልካቹ መጀመሪያ «ምንድን ነው?» ይላል። ሾቱ ሲቆይ «ምን እየተጠበቀ ነው?» ይላል። የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ለሚያስታውስ የወሎ ሰው ደግሞ የነገው ዘመን ጥያቄ የዘር ጥያቄ ነው። ይህን ፊልም ለመሥራት መንኮራኩር አያስፈልግም።

ስለዚህ መርሳና ወልዲያ ላይ ካሜራ ይዛችሁ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሳይንስ ልቦለድን በገንዘብ እጥረት አትተዉት። ዝግ ያለ ፊልም ስታዩ ስልካችሁን አርቁና «ይህ ሾት ለምን አላለቀም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ ፊልም መልስ አለው፤ መልስ የሌለውን ደግሞ «ጥበብ ነው» ብላችሁ አትታገሡት። ኤዲት ስታደርጉም ካት ልታደርጉ እጃችሁን ከሰነዘራችሁ በኋላ ሾቱን እስከ መጨረሻው አጫውቱት። የሚጨምር ነገር ካለው ተዉት፤ ከሌለው ቁረጡት። መቸኮል ግን ይህን ምርጫ ከእጃችሁ ይነጥቃችኋል።