ጡሩምባ ነፊው ምልምልና የእኛ ጦር ሰፈር ዘፋኞች

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከቡና በኋላ የሚነሳው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ፖለቲካ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ወዳጄ «ስለ ወታደር የሚያስቅ ፊልም እኛ ለምን የለንም?» ብሎ ጠየቀን። መልስ ስላጣሁ ቤቴ ገብቼ «ባክ ፕራይቬትስ» የተባለውን የዩኒቨርሳል ፊልም እንደገና አየሁት።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1941 ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ድንበር ከተሻገሩ ገና አሥራ አንድ ቀናቸው ነበር። አሜሪካ ደግሞ ወደ ጦርነቱ ሳትገባ የግዳጅ ምልመላ ጀምራለች። ኮሜዲያኖቹ አቦትና ኮስቴሎ ከፖሊስ ሲሸሹ ሲኒማ ቤት የገቡ መስሏቸው ለውትድርና ይመዘገባሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ቀጭን ነው፤ ብዙ አያስጨንቅም።

ከአእምሮ የማይጠፋው የአንድሩስ እህትማማቾች ዘፈን ነው። ሦስቱ ሴቶች የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ስለ አንድ ታዋቂ የቺካጎ ጡሩምባ ነፊ ይዘፍናሉ። ሰውዬው ተመልምሎ ሥራው የማንቂያ ጡሩምባ መንፋት ብቻ ይሆናል፤ አጃቢ በማጣቱ ሲያዝን ሻምበሉ ራርቶ ባንድ ይመለምልለታል። (የሴቶች ረዳት ጦር የተቋቋመው በ1942 ስለሆነ ልብሱ የመድረክ ልብስ ነው።) የሦስቱ ድምፅ እንደ አንድ መሣሪያ ይገጥማል። እንቅስቃሴያቸው በሰልፍ ሥርዓት ይጀምርና ወገባቸው ቀስ እያለ ከሥርዓቱ ያመልጣል። ጦር ሰፈር ደስታ ሊኖረው ይችላል የሚለውን ሐሳብ ፊልሙ ያሳመነኝ በዚህች ቅጽበት ብቻ ነው።

ሆኖም ቡጊ ውጊ የጥቁር ፒያኖ ተጫዋቾች ሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃውን ያፈለቁት ሰዎች ግን በምልምሎቹ ሰልፍ ውስጥ የሉም። የአሜሪካ ጦር በዘር መከፋፈሉ እንዲቀር ፕሬዚዳንት ትሩማን ያዘዙት በ1948 ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲደርስ እንኳ ትእዛዙ ገና በሥራ ላይ እየዋለ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በዘፈኑ ውስጥ ሙዚቀኛው ያለፈቃዱ ወታደር ይሆናል። በእኛ አገር ግን በደህና ኦርኬስትራ ታጅቦ መዝፈን የሚፈልግ ሰው ክቡር ዘበኛን፣ ፖሊስን ወይም ጦር ሠራዊትን ብዙውን ጊዜ መቀላቀል ነበረበት። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው የዘፈኑት። ባንድ የሚመለምለው ሻምበል ለአሜሪካኖች ቀልድ ነው፤ ለእኛ ተቋም ነበር። ዋጋም ነበረው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ሆነ።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ለወዳጄ በስልክ ነገርኩት። ለምን እንደማንስቅ ግን የገባኝ ሳወራለት ነው። በልጅነቴ፣ በብሔራዊ ውትድርና ዘመን፣ አፈሳ መጣ በተባለ ቁጥር የጎረቤታችን ልጅ ኮርኒስ ውስጥ ይደበቅ ነበር። እናቱ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች፣ ሳሉ እንዳይሰማ። ከሬዲዮኑ የሚወጣው ዘፈን ብዙ ጊዜ የጦር ሰፈር ኦርኬስትራ ነበር።

ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና «ፊልሙን ብትሠራው መጀመሪያ የምታሳየው የቱን ነው? ኦርኬስትራውን ወይስ ኮርኒሱን?» አለኝ።

ሬዲዮኑን አልኩት።