ውበትና ፍርድ በጆን ኮንስታብል የመልክዓ ምድር ሥዕሎች

እ.ኤ.አ. በ1830 የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ለዓመታዊ አውደ ርእዩ የሚቀርቡ ሥዕሎችን እየገመገመ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጆን ኮንስታብል ነው። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ52 ዓመቱ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ የአካዳሚው ሙሉ አባል ሆኗል። አባል ካልሆኑ ሠዓሊዎች ሥራዎች ጋር በስሕተት የተደባለቀ፣ የሳልዝበሪን የወንዝ ዳር መስክ የሚያሳይ አንድ ሸራ ቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ አረንጓዴነቱን ተጸየፈው፤ ሥዕሉም ውድቅ ተደረገ። የኮንስታብል ሥራ ነበር። ባልደረቦቹ ይህን ሲያውቁ ውሳኔያቸውን ሊሽሩ ፈለጉ፤ እርሱ ግን አንዴ ተፈርዶበታል ብሎ ሥዕሉን አስወጣው።

ያው ሥዕል የሠዓሊው ስም ሲደበቅ ወደቀ፤ ስሙ ሲገለጥ ሊያልፍ ነበር። እንግዲያው ዳኞቹ ይመዝኑ የነበረው ምንን ነው? ኮንስታብል ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያብላላው ኖሯል። መልሱ የሚገኘው በደብዳቤዎቹ፣ በሕዝብ ፊት ባደረጋቸው ንግግሮችና ከሁሉም በላይ በሥዕሎቹ ውስጥ ነው።

ወዳጁ ሠዓሊ ቻርልስ ሮበርት ሌስሊ በ1843 ባሳተመው የኮንስታብል የሕይወት ታሪክ እንደሚተርከው፣ አንዲት ሴት የአንድን ቤት ሥዕል አይታ አስቀያሚ ነው ስትል ኮንስታብል አልተቀበላትም። በሕይወቱ አስቀያሚ ነገር እንዳላየ፣ የነገሩ ቅርጽ ምንም ይሁን ምን ብርሃን፣ ጥላና ርቀት ውብ እንደሚያደርጉት ነገራት። ይህ አባባል ሲሰሙት ፍርድን ጨርሶ የሚያስቀር ይመስላል። ሁሉም ነገር ውብ ከሆነ ጥሩውን ሥዕል ከመጥፎው የሚለየው ምንድን ነው? ኮንስታብል ግን መመዘኛውን ቦታ አዛወረው እንጂ አልጣለውም። የሚፈረድበት የተሣለው ነገር ሳይሆን የሠዓሊው አተያይ ነው፤ ትኩር ብሎ አይቷል ወይስ ሌሎች ያዩትን ደግሟል?

የዚህ እምነት ሥር ያለው በትውልድ ቦታው ነው። በ1776 በሰፎክ ክፍለ ሀገር፣ በኢስት በርግሆልት ተወለደ፤ አባቱ የፍላትፎርድ የውኃ ወፍጮ ባለቤት ነበር። በ1821 ለወዳጁ ለጆን ፊሸር በጻፈው ደብዳቤ ከወፍጮ ግድብ የሚያመልጠውን የውኃ ድምፅ፣ የአኻያ ዛፎችን፣ የበሰበሱ ሳንቃዎችንና ዝልግልግ ምሰሶዎችን እንደሚወድ ይዘረዝራል። ዘመኑ ግን ለመልክዓ ምድር ሥዕል የሚገባ ብሎ ይመርጥ የነበረው የጥንት ፍርስራሾችንና ዝነኛ ተራሮችን ነው።

የጊዜውን ፍርድ ከሚመሩት አንዱ ሰር ጆርጅ ቦሞንት ነበር። የሥዕል ሰብሳቢና ሠዓሊ የነበረው ይህ ሰው የመልካም ሥዕል ቀለም እንደ አሮጌ ቫዮሊን ቡናማ መሆን አለበት ብሎ ሲመክር፣ ኮንስታብል አንድ ቫዮሊን አንሥቶ በለምለሙ ሣር ላይ አስቀመጠለት። ይሁን እንጂ ኮንስታብል የቀደሙትን የናቀ ሰው አልነበረም። በ1823 በዚያው በቦሞንት ቤት ተቀምጦ የክሎድ ሎሬንን ሥዕሎች በትጋት ቀድቷል። የተቃወመው የታላላቆቹን ሥራ ሳይሆን፣ በእርጅና የጠቆረ ቀለማቸውን የተፈጥሮ ቀለም አድርጎ መውሰድን ነው።

ትኩር ብሎ ማየት ለእርሱ ዕውቀት ነበር። በ1821 እና በ1822 በሀምስቴድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሰማዩን በዘይት ቀለም እየነደፈ፣ በብዙዎቹ ንድፎች ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፈ። በ1836 በሮያል ኢንስቲትዩሽን ባቀረባቸው ንግግሮችም የመልክዓ ምድር ሥዕል የተፈጥሮን ሕግጋት የሚመረምር የሳይንስ ዘርፍ ሊሆን እንደሚችል፣ ሥዕሎችም የዚህ ምርምር ሙከራዎች እንደሆኑ ተከራከረ።

የዚህ አመለካከት ዋና ምሳሌ «የድርቆሽ ጋሪው» የተሰኘው ሥዕሉ ነው። በ1821 በለንደን ሲታይ ገዢ አላገኘም። አንድ ነጋዴ ወደ ፓሪስ ወስዶ ሳሎን በተባለው የ1824ቱ አውደ ርእይ ባቀረበው ጊዜ ግን ሥዕሉ ለኮንስታብል ከንጉሥ ሻርል አሥረኛ የወርቅ ሜዳልያ አስገኘ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዩጂን ደላክሯም የኮንስታብልን ሥዕሎች ካየ በኋላ የራሱን የኪዮስ እልቂት ሥዕል እንደገና ነካክቶታል። አንድ ሠዓሊ ከሌላው የብርሃን አያያዝን ተምሮ ወዲያው ወደ ሥራ መለወጡ ከሜዳልያው የበለጠ ምስክር ነው።

ነገር ግን የኮንስታብል መመዘኛ የማይሸፍነው ስፍራ አለ። «የድርቆሽ ጋሪው» በታየ በዓመቱ፣ በ1822፣ የሰፎክ የእርሻ ሠራተኞች በሥራ ማጣትና በዝቅተኛ ደመወዝ ተማርረው የእርሻ ንብረት ያቃጥሉ ነበር። ኮንስታብል ይህን ያውቃል፤ እሳት ሳይታይ የሚያልፍ ሌሊት እንደሌለ ከወንድሙ ሰምቶ ለፊሸር ጽፎለታል። በሥዕሎቹ ግን ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በሩቅ፣ ትንንሽና ጸጥ ያሉ ናቸው። ሐያሲው ጆን ባረል በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች የገጠሩን ድኻ እንዴት እንደሸፈኑ ሲመረምር ኮንስታብልንም ያካተተው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮንስታብል የፖለቲካ አቋምም ከዚህ አይርቅም፤ የመምረጥ መብትን ያሰፋውን የ1832ቱን የፓርላማ ማሻሻያ አጥብቆ ይቃወም ነበር።

ይህ ትችት ሥዕሎቹን አይሽራቸውም፤ ፍርዳችንን ግን ይከፍለዋል። ብርሃንን፣ ደመናንና እርጥብ ቅጠልን በማየት ረገድ ከዘመኑ የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች ጥቂቶች ብቻ ይስተካከሉታል፤ ለበሰበሰ ሳንቃ የሰጠው ክብርም ለሥነ ሥዕል ትልቅ ነጻነት ነው። ሳንቃውን ያየበት ትኩረት በአጠገቡ የሚሠራው ሰው ፊት ላይ ግን አላረፈም። ኮንስታብል ራሱ ባቆመው ሚዛን፣ ማለትም ትኩር ብሎ በማየት፣ ብንመዝነው እንኳ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ስለ ሥዕሎቹ ውበት የሚጽፍ ሐያሲም ሊያልፈው አይገባም።