«ተረጋገጠ» ስለሚለው ግሥ፤ በፎረንሲክ ሳይንስ ቃላት አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ስም ነው። ለመሣሪያው፣ ለዘዴው፣ ለንጥረ ነገሩ ምን ስያሜ ይሰጠው እያለ ይደክማል፤ ግሡን ግን እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። በብዙ የሳይንስ ዘርፎች ይህ ልማድ የከፋ ጉዳት አያስከትል ይሆናል። የሳይንስንና የሕክምናን ዕውቀት ለፍርድ ቤት አገልግሎት በሚያውለው የፎረንሲክ ጥናት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቤተ ሙከራው ግኝት ለዳኛው የሚደርሰው በግሥ ተጭኖ ስለ ሆነ፣ ግሡ ከተዛባ አጉሊ መነጽሩም ሚዛኑም ያልሠሩትን ስሕተት ተርጓሚው ይሠራዋል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን፣ ከ2009 ወዲህ በዘርፉ የታየው የሐሳብ ለውጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ዘገባ፣ ከዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ በስተቀር፣ አንድን ናሙና ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር ያለ ማወላወል ሊያያይዝ እንደሚችል በጥብቅ ጥናት የተፈተነ ሌላ የፎረንሲክ ዘዴ እንደሌለ አስታወቀ። በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስ አማካሪዎች ምክር ቤት ተመሳሳይ ትችት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች በዘገባዎቻቸው ውስጥ ግሦቻቸውን አለዝበዋል። በአማርኛ የሚነበበው ግን ዛሬም በአብዛኛው «በምርመራ ተረጋገጠ» የሚለው ነው። ይህ ጉድለት ከአማርኛ የመነጨ አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምናሳየው ቋንቋው ለደረጃ ደረጃው የሚሆን ቃል አለው።

ስለ ዘርፉ ስም ብዙ አንከራከርም። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ፎሩም» ሲሆን፣ ይህም ሸንጎና ፍርድ ይካሄድበት የነበረ አደባባይ ማለት ነው፤ ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ «ፎረንሲክ» በፖሊሱም በሐኪሙም አፍ ስለ ገባ እንዳለ ቢቀር ይሻላል። «የወንጀል ምርመራ ሳይንስ» የሚለው አቻ ይጠባል፤ የአባትነት ክርክርም፣ በአደጋ የሞቱ ሰዎችን ማንነት ማወቅም የዘርፉ ሥራ ነውና።

ክርክር የሚያስፈልገው «መለየት» የሚለው ግሥ ነው። ይህ ግሥ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሁለት ነገሮችን መነጠል ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱን ከብዙዎች መካከል ዐውቆ ማውጣት ነው። በመጋቢት 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ከቤተ ዘመድ በተወሰደ ናሙና ላይ በተደረገ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አማካይነት በወራት ውስጥ የሁሉም ማንነት ተለየ። እዚህ ላይ «ተለየ» ማለት ፍጹም ትክክል ነው። የተሳፋሪዎቹና የበረራ ሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አስቀድሞ ታውቋል፤ ጥያቄው «ከነዚህ መካከል ይህ ማን ነው?» የሚል ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ዝግ ነው።

ዝርዝሩ ክፍት ሲሆን ግን ያው ግሥ አደገኛ ይሆናል። በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ በፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፈንጂ ማቀጣጠያዎች በተገኙበት የፕላስቲክ ከረጢት ላይ አንድ የጣት አሻራ ታየ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አሻራውን በሚሊዮን የሚቈጠሩ አሻራዎች በተከማቹበት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ፈልጎ፣ በኦሬጎን የሚኖር አንድ ጠበቃ «መቶ በመቶ ተለይቷል» አለ። ሦስት የቢሮው ባለሙያዎች ተስማሙበት፤ ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ መርማሪም እንዲሁ። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን ከመነሻው ተጠራጥሮ ነበርና አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አስታወቀ፤ ጠበቃውም ተለቀቀ፤ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱ አሻራዎች በእርግጥ ይመሳሰሉ ነበር። መመሳሰሉን ወደ መለየት ያሸጋገረው የባለሙያዎቹ ቃል ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ክፍት በሆነበት ሁሉ ተርጓሚው «ተለየ»ንም «ገጠመ»ንም ትቶ «ተመሳሳይነት ታየበት» ቢል፣ ከዚያም የመመሳሰሉን ክብደት በሌላ ቃል ቢገልጽ እንመርጣለን። «ገጠመ» የምንለው ቀዳዳ ሳይቀር ለተጋጠመ ነገር ነው፤ ሁለት አሻራዎች እንዲያ አይጋጠሙም።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሌላው ችግር ድርብ አሉታ ነው። ባለሙያው «ይህ ፀጉር የተከሳሹ አይደለም ለማለት አልተቻለም» ብሎ ይጽፋል። ተርጓሚው ዐረፍተ ነገሩ ስለሚከብደው «የተከሳሹ ሊሆን ይችላል» ይለዋል፤ የዜና ጸሓፊው ደግሞ «የተከሳሹ ነው» ብሎ ያሳጥረዋል። በሁለት እርምጃ አሉታው አዎንታ ሆነ። ይህ የቋንቋ ሰው ሥጋት ብቻ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው ቢሮ ባለሙያዎቹ በፀጉር ምርመራ የሰጡትን ምስክርነት መለስ ብሎ ሲመረምር፣ በ2015 ይፋ እንደ ተደረገው፣ ተከሳሹን የሚጐዳ ቃል ከተሰጠባቸው 268 ክሶች መካከል በ257ቱ፣ ማለት በ96 በመቶው፣ ሳይንሱ የማይደግፈው አነጋገር ተገኝቷል። ከነዚህ ውስጥ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ዘጠኙ ተገድለዋል። ሌላ ማስረጃም ሊኖር ስለሚችል ሁሉም ንጹሓን ነበሩ ማለት አይደለም። ነገር ግን ስሕተቱ የተገኘው በምስክሮቹ አነጋገር ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው በገዛ ቋንቋቸው እንዲህ ካጋነኑ፣ የተርጓሚው ኀላፊነት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ድርብ አሉታው በአማርኛ ቢጐረብጥም ሳይነካ ይመለስ እንላለን።

ቀጥሎ የስሕተት ነገር ይመጣል። በጥንት ዘመን ሌባ ሻይ መድኀኒት ጠጥቶ ሲንገዳገድ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው ሲባል፣ «ሌባ ሻዩ ከመቶ ስንቴ ይሳሳታል?» ብሎ የቈጠረ አልነበረም። የጣት አሻራ ምርመራም በፍርድ ቤት ካገለገለ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ይኸው ጥያቄ በሰፊው ሳይጠና መቈየቱ ያስደንቃል። በ2011 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 169 የአሻራ መርማሪዎች እያንዳንዳቸው መቶ ያህል ጥንድ አሻራዎችን መረመሩ። የተለያዩ ሰዎችን አሻራ የአንድ ሰው ነው ያሉት 0.1 በመቶ ጊዜ ሲሆን፣ የአንዱን ሰው አሻራ የተለያዩ ሰዎች ነው ያሉት ግን 7.5 በመቶ ጊዜ ነው። እነዚህን ሁለት የስሕተት ዐይነቶች «ሐሰተኛ አዎንታ» እና «ሐሰተኛ አሉታ» ብሎ መተርጐም አያስደስተንም። በአማርኛ ሐሰተኛ የሚባለው ዐውቆ የሚዋሽ ነው፤ መርማሪው ግን ተሳሳተ እንጂ አልዋሸም። «የስሕተት አዎንታ» እና «የስሕተት አሉታ» ቢባል ሰውዬውን ሳይነካ ነገሩን ይገልጸዋል።

ከሁሉም ይልቅ የቃላት ሰውን ሊያነጋግር የሚገባው ግን ሦስተኛው መልስ ነው፤ ይኸውም መርማሪው አዎንም አይደለምንም ሳይል ሲቀር የሚጽፈው ነው። በአማርኛ «አልታወቀም»፣ «ውጤት አልተገኘም»፣ አንዳንዴም «ውጤት አልባ» ሲባል እንሰማለን። በ2014 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 218 የጦር መሣሪያ መርማሪዎች የጥይት ቀለሃዎችን አነጻጸሩ። ከተለያዩ ሽጉጦች የተተኰሱ 2,178 ጥንዶች ቀርበውላቸው በ22ቱ ተሳሳቱ፤ በ735ቱ ግን፣ ማለት ከሢሶው በሚበልጠው፣ መወሰን እንደማይችሉ ጻፉ። የስሕተቱ ምጣኔ ስንት ነው? 22ቱን ለ2,178 ካካፈልን አንድ በመቶ ያህል ነው። ያልተወሰኑትን አውጥተን ለ1,443 ካካፈልን፣ የፕሬዚዳንቱ አማካሪዎች እንዳደረጉት፣ አንድ ነጥብ አምስት በመቶ ይሆናል፤ ይህም ከ66 አንድ ማለት ነው። አንዳንድ ተቺዎች ደግሞ፣ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ይቻል ነበርና «መወሰን አይቻልም» ማለቱ ራሱ ስሕተት ነው ይላሉ፤ እንዲያ ከተባለ ቍጥሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ስሌት ይሸነግላል። ፈተና ላይ ሢሶውን ጥያቄ ባዶ የተወ ተማሪ የተወው ሁሉ እንዳልተሳሳተ ተቈጥሮ ይታረምለታልን?

የክርክሩ ሥር በአማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጐልቶ ይታያል። «ውሳኔ የማያሰጥ» ስንል ጉድለቱን በናሙናው ላይ እናደርጋለን፤ «ውሳኔ ያልሰጠ» ስንል በመርማሪው ላይ። በጥቂት ፊደላት ለውጥ ተጠያቂው ይለወጣል። ተመራማሪዎቹ በቅጡ ያልለዩትን ነገር የእኛ የግሥ እርባታ ስለ ለየው፣ ሁለቱንም ቃላት ይዘን እንደ አገባባቸው ልንጠቀምባቸው ይገባል።

ወደ ይሆናልነት እንለፍ። «ዕድል» የሚለውን ቃል ለዚህ ማዋል አይበጅም፤ ዕድል ከዕጣ ፈንታ ጋር የተቈራኘ ነው። «ይሁንታ»ም ፈቃድ ማለት ነው። ከቃሉ የባሰው ግን የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። የሚከተሉትን ሁለት አባባሎች እናስተያይ። «ተከሳሹ የደሙ ባለቤት ባይሆን ኖሮ ይህ ውጤት የሚታየው ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው»፤ «ይህ ውጤት ከታየ ተከሳሹ የደሙ ባለቤት የማይሆነው ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው»። በጆሮ አንድ ይመስላሉ። አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ በመጀመሪያው አባባል መሠረት፣ ያው ውጤት የሚገኝባቸው አምስት ያህል ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ፤ ሌላ ማስረጃ ከሌለም ተከሳሹ ከስድስቱ አንዱ ነው። ሁለተኛው አባባል ግን ጥፋተኛነቱን ያለቀለት ያደርገዋል። አማርኛ ቅጥያውን ዐረፍተ ነገር ከፊት ስለሚያስቀድም፣ ለማሳጠር የሚቸኵል ተርጓሚ ቀድሞ የሚጥለው ያንኑ «ባይሆን ኖሮ» የሚለውን ነው። በእንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የተባለች እናት በ1999 ሁለት ሕፃናቷን ገድለሻል ተብላ ስትፈረድባት፣ አንድ የታወቀ ሐኪም በአንድ ቤት ሁለት ሕፃናት በድንገት የሚሞቱት ከ73 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው ብሎ መስክሮ ነበር። ቍጥሩ የተገኘው ከ8,543 አንድ የሚለውን በራሱ በማብዛት ነው፤ የወንድማማቾች ሞት አንዱ ከሌላው ምንም ግንኙነት የለውም እንደ ማለት ነው። የንጉሣዊው የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ስሌቱን ነቀፈ፤ በ2003 ሴትዮዋ በይግባኝ ተፈታች፤ በ2007 ሞተች።

ይህን ለማስቀረት የኤውሮጳ የፎረንሲክ ሳይንስ ተቋማት መረብ በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ባለሙያው ግኝቱ ከሁለት ተቃራኒ አባባሎች የትኛውን ስንት እጥፍ እንደሚደግፍ ብቻ እንዲናገር ይመክራል። ይህን «የድጋፍ ምጣኔ» ብንለው አቅጣጫውንም ልኩንም ይይዛል። መመሪያው ለቍጥሮቹ የቃል ደረጃ አበጅቶላቸዋል፤ ከ2 እስከ 10 እጥፍ የሆነው ደካማ ድጋፍ ተብሎ ይጀምርና ከሚሊዮን በላይ የሆነው እጅግ የጠነከረ ድጋፍ ይባላል። ሐሳቡን እናደንቃለን፤ በመጀመሪያው ቃል ግን አንስማማም። በ2013 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች «ደካማ ድጋፍ» ሲባሉ ግኝቱ ያንን ወገን የሚጐዳ አድርገው ይረዱታል። አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ይህ የሚብስ ይመስለናል፤ «ድጋፉ ደካማ ነው» ማለት በእኛ አነጋገር «አልደገፈውም» ለማለት የቀረበ ነው። «ጥቂት ድጋፍ» ይሻላል፤ ከዚያ «መጠነኛ»፣ «ደኅና»፣ «ጠንካራ» እያሉ መውጣት ይቻላል።

ስለ ፎረንሲክ ሕክምና የምንለው አጭር ነው፤ በዚህ በኩል አማርኛ ዕድለኛ ነውና። ሐኪሞች የሞትን ምክንያት ከሞት ሁኔታ ይለያሉ። ጥይት ልብን መብሳቱ ምክንያት ነው፤ ተኳሹ ራሱ ሟቹ ነው፣ ሌላ ሰው ነው፣ ወይስ ድንገተኛ አደጋ ነው የሚለው ሁኔታ ነው። ለሁለተኛው «አሟሟት» የሚል ተፈጥሯዊ ቃል አለን፤ ሌላ መፈለግ አያሻም። ችግሩ ከአሟሟት ምድቦች አንዱ፣ በሌላ ሰው ድርጊት የደረሰውን ሞት የሚገልጸው፣ «ነፍስ ግድያ» ተብሎ ሲተረጐም ነው። ሐኪሙ ወንጀል ተፈጸመ አላለም፤ ራስን ለመከላከል የተደረገም በዚያው ምድብ ይገባል። «በሰው እጅ የደረሰ ሞት» ቢባል የሐኪሙን ድንበር ይጠብቃል።

ድንበሩ በቀላሉ እንደሚጣስ የሚያመለክት ጥናት በ2021 ታትሟል። ለ133 የአሜሪካ የፎረንሲክ ሐኪሞች አንድ ዐይነት የሕክምና መረጃ ያለው የአንድ ሕፃን ሞት ታሪክ ቀረበላቸው፤ ለግማሾቹ ሕፃኑ ጥቁር፣ አሳዳሪውም የእናቱ ወዳጅ ነው ተባለ፤ ለሌሎቹ ነጭ፣ አሳዳሪዋም አያቱ ነች ተባለ። በመጀመሪያው ታሪክ በሰው እጅ ሞተ የሚለው በዛ፤ በሁለተኛው አደጋ ነው የሚለው። ሐኪሞች ጥናቱን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ዘርንና የአሳዳሪን ዝምድና ባንድ ላይ መለወጡ ድክመት መሆኑን እኛም እንቀበላለን፤ የትኛው እንደ ሠራ አይታወቅምና። ከ133ቱ 78ቱ ግን የመረጡት አምስተኛውን ምድብ ነው። ለዚህ ምድብ እስካሁን የሚበቃ ቃል አላገኘንም። «ያልታወቀ» እንዳንል ሐኪሙ መርምሮ ዐውቋል፤ ያወቀውም ማስረጃው ወደ አንዱ ምድብ እንደማያደርስ ነው። «ያልተወሰነ» እንዳንል ቸልታ ይመስላል። «ያልለየለት አሟሟት» የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር፤ ይሁንና «ያልለየለት» በተለመደው ንግግር ሌላ ስሜት አለው። አንባቢያን የተሻለ ካላቸው እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።