ላሮጌ ሞተር አዲስ መሪ

የሞተር ሳይክል መሪ ሲቀየር ከሁሉ በፊት የሚለወጠው የነጂው ጀርባ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ኤስ ካፌ ደጃፍ ይሰበሰቡ የነበሩት ወጣቶች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የትራያምፍ ሞተራቸውን ከፍ ያለ መሪ ፈትተው ዝቅ ያለውን ያስሩ ነበር፤ ደረታቸውን ነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ አስተኝተው ነፋሱን እንዲሰነጥቁት። ያ ቁመና እስከ ዛሬ ልቤን ይሰርቀዋል፤ ረጅም መንገድ ላይ የእጅ አንጓን መቅጣቱን ግን አልክድም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ መግጠሙ ነው። የመሪው ቧንቧ ውፍረት አስቀድሞ ይለካል፦ አብዛኞቹ የጃፓን ሞተሮች 22 ሚሊ ሜትር፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ 25.4 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይይዛሉ። ቀጥሎ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን ጨፍኖ እጅን መዘርጋት ነው፤ መዳፍ በራሱ ያረፈበት ቦታ ልኩ እሱ ነው።

ከዚያ መሪውን የሚይዙትን ብሎኖች በስሱ አጥብቆ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ያስፈልጋል። ማጠራቀሚያውን ይነካል? የፍሪሲዮኑ ሽቦ ይወጠራል? ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ሲዞር ድምፁ ከጨመረ፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦ አጥሯል ወይም መንገዱን ስቷል። ይህ ሕይወት ያስከፍላልና ሳይስተካከል ከግቢ አይወጣም። በመጨረሻ ብሎኖቹ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ እጅ ያን ጊዜ የብረቱን መያዝ ይሰማዋል።

የድሮው መሪ አይጣልም። ዘይት ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።